ይድረስ ለእትዬ፦ የአንድ መጥበሻ ራት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፤

እንደምን ከረማችሁ? እማዬ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ዝናቡን አላቆመችም፤ እኔም ሥራዬን አላቆምኩም።

የላክሁልሽን ፎቶግራፍ አይታችሁ እማዬ «መጥበሻው ላይ ያለው ቀይ ትል ምንድን ነው?» ማለቷን ጽፈሽልኛል። ትል አይደለም፤ ሽሪምፕ ነው። የበላሁትም እኔ አይደለሁም፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ለራሱ ሲያበስል ነው ያነሣሁት። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንዳይበላ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ተጽፏል፤ እማዬ አምባዛ የሚባለውን ቅርፊት የሌለው ዓሣ የያዘውን ሻጭ ከደጅ ትመልስ የነበረው ለዚሁ አይደል? ንገሪያትና ትረጋጋ። አሠራሩን ግን ወድጄዋለሁ፤ አትክልቱም ዓሣውም በአንድ መጥበሻ ይበስላል። እኔ የምሠራው ኮድ በሚሉት ነጭ ዓሣ ነው፤ ክንፍም ቅርፊትም አለው። አንቺ ከመርካቶ በአውቶቡስ ተጋፍተሽ መሽቶ ከገባሽ በኋላ ደግሞ ሽንኩርት ለማቁላላት መቆምሽ ስለሚያሳዝነኝ እንዴት እንደሚሠራ ልጻፍልሽ።

ዓሣ ቁሌት አይፈልግም። እንደ በሬ ሥጋ ጅማት አልበዛበትም፤ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ስለዚህ የሚዘገየው አትክልት ይቀድማል፣ ዓሣው መጨረሻ ይገባል። አንድ ነገር ግን ከእኔ ቤት ይለይብሻል። እዚህ የባሕር ጠረፍ ስለሆነ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እናንተ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የፈረንጅ የምግብ መጽሐፍ «ስምንት ደቂቃ» ያለው ካሮት እናንተ ቤት ጥርስ የሚሰብረው በዚህ ነው። ካሮቱንና ፎሶሊያውን ስስ አድርገሽ ክተፊ፤ በጥቂት ዘይት አገላብጠሽ ጨው ጣል አድርጊ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ጨምረሽ ክደኝው። ውኃው ሲመጥ ዝኩኒ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይግባ። ቲማቲም ከወደድሽ አንድ ይበቃል፤ ሲበዛ ወጥ ይሆንብሻል።

ለዓሣው ቆሮሶ ፊሌቶ ግዢ። ከዝዋይ በፈጣን መንገዱ የሚመጣ ዓሣ ከተማ የሚገባው በእናንተው በር ነው፤ መሀል ከተማ ድረስ ምን ያስኬድሻል? ያልተበለተ ከሆነ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ መሆኑን እዪ። የተበለተውን በጣትሽ ጫን አድርጊው፤ ሥጋው እንደተሰረጎደ ከቀረ ተይው። ለልጆቹ ስትሰጪ ደግሞ እሾህ እንዳይኖር በጣትሽ ዳብሺው።

ፊሌቶውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ እርጥብ ዓሣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አትክልቱን ወደ መጥበሻው ዳር ገፍተሽ መሀሉ ላይ ዘይት ጨምሪና ዓሣውን አሳርፊው። ከዚያ አትነካኪው! እጅሽ ዝም ማለት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ግን ሥሩ ሲጠበስ ራሱ ይለቅሻል፣ ቀድመሽ ከነካሽው ይፈረፈራል። ሦስት ደቂቃ ያህል ካቆየሽው በኋላ ገልብጪው፤ መሀሉ ነጥቶ በሹካ ሲነኩት በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል። ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቅበት፣ ሚጥሚጣውም እንደዚያው። መብራት ቢጠፋ በከሰልም ይሠራል፤ ፍሙ ግን ደህና አድርጎ የተያያዘ ይሁን።

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእማዬ ትቼዋለሁ፤ እርሷ ያለችው ይሁን።

የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ ሳምንት በባንክ እልካለሁ፤ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ሚጥሚጣ ላኪልኝ፣ እዚህ የሚሸጠው ቀለም ብቻ ነው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ