«ለልጄ የትኛው ምሕንድስና ያዋጣል?» ላሉት አባት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሰሞን በደብዳቤዎች ገጻችሁ ላይ አንድ አባት «ልጄ ምሕንድስና ሊገባ ነው፤ ሲቪል ይሻለዋል፣ መካኒካል ወይስ ኤሌክትሪካል? የትኛው ቶሎ ሥራ ያስገኛል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ መልስ የጻፉት አንባቢዎች ሁሉ የትምህርት ክፍል ስም ሲጠሩ ሰነበቱ። አንዱ ሶፍትዌር አለ፣ ሌላው ታዳሽ ኃይል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ምሕንድስናውን ትቶ ንግድ ይማር» ብሎ ገላገላቸው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ኢንጂነር ነኝ፤ ዘንድሮ 19 ዓመት ሞላኝ። ካለፉት 8 ዓመታት ወዲህ አዲስ ተመራቂ በሚቀጠርበት ጊዜ ከፈታኞቹ ወንበሮች አንዱ የእኔ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የማየውን ልንገራቸው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ለቃለ መጠይቅ ስገባ ከተፈታኞቹ ፋይል ጋር አንዲት የብረት ሰሌዳ ይዤ እገባለሁ። ከተቃጠለ ሞተር ላይ የነቀልኳት ኔምፕሌት ናት፤ የሞተሩ ልኮች የተጻፉባት፤ መጠኗ ከመዳፍ ያንሳል፣ ጠርዟ ላይ የደረቀ ግራሶ አለባት። ጠረጴዛው ላይ አኖራትና «እስኪ ይህን አንብበህ አስረዳኝ» እላለሁ። ላይዋ ላይ 15 ኪሎ ዋት፣ 400 ቮልት፣ 28 አምፔር፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1465 ዙር፣ ኮሳይን ፋይ 0.84፣ ኤፊሸንሲ (ከሳበው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ድርሻ) 92.1 በመቶ ይላል።

መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ 15 ኪሎ ዋት ምን እንደሆነ ነው። አብዛኞቹ «ሞተሩ ከመስመር የሚስበው ኃይል» ይሉኛል። አይደለም፤ ዘንጉ ላይ የሚሰጠው ነው። ከመስመር የሚስበው፣ 15ቱ ለ0.921 ሲካፈል፣ ወደ 16.3 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ቀጥዬ «ለምን 1465 ሆነ? ለምን ድፍን 1500 አልሆነም?» እላለሁ። እዚህ ላይ ሆዴን ይበላኛል፤ ልጁ ያውቀዋልና። 120 በፍሪክዌንሲ ተባዝቶ ለፖል (ለማግኔት ዋልታ) ቁጥር ሲካፈል የሚለውን ቀመር ሠርቶበታል፣ ስሊፕ የሚባለውን የሞተሩን መዘግየት አስልቶ ተፈትኖበታል፣ ምናልባት ኤ አግኝቶበታል። አራት ፖል በ50 ኸርዝ 1500 ይሰጣል፤ ሮተሩ (የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል) ከሚዞረው የማግኔት መስክ ጥቂት ካልዘገየ ግን ጉልበት አያወጣም፤ የጎደሉት 35 ዙሮች እነዚያ ናቸው። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ብጠይቀው በአምስት ደቂቃ ሠርቶ ያስረክበኛል። ብረቷን ሲያይ ግን ዝም። ቀመሩና ሞተሩ ተዋውቀው አያውቁም።

አንዳንዱ ዝም ማለቱን ትቶ የመጣለትን መዘርገፍ ይጀምራል፤ ይኸኛው ነው የሚያስፈራኝ። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ልጅ ሰሌዳዋን ገልበጥ አድርጋ አይታ «1465 የሆነበትን አሁን አላስታውሰውም፤ ግን ወረቀት ይሰጠኝና ልሞክር» አለችኝ። ወረቀት ሰጠኋት። 1500ን አወጣች፣ ልዩነቱን አየች፣ «ኦ! ስሊፕ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ መጮኋ አሳፍሯት አፏን ያዘች። አጠገቤ የነበሩት የሰው ኃይል ኃላፊ ውጤቷ መካከለኛ መሆኑን በጣታቸው አሳዩኝ። ቀጠርናት። ዛሬ ሌሊት ማሽን ቢቆም መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው።

አባትየው የጠየቁትም ጥያቄ ቢሆን አንድ የተደበቀ ግምት አለበት። ልጁ አንድ በር ሲመርጥ ከበሩ ማዶ አንድ ወንበር የሚጠብቀው ይመስላቸዋል። ከአንድ የመካኒካል ክፍል ከተመረቅነው መካከል ዲዛይን የሚሠራ አለ፣ ምርት የሚመራ አለ፣ ጥራት የሚቆጣጠር አለ፣ የሚያስተምር አለ፣ አዲስ የተተከለ ማሽን ፈትሾ ሥራ እያስጀመረ ከፋብሪካ ፋብሪካ የሚዞርም አለ። የዚህኛው ሥራ ተማሪ ቤት ሳለን ስሙ እንኳ ተጠርቶልን አያውቅም ነበር። ቴክኒካል ሽያጭን የሚንቅም ብዙ ነው። እኔ ግን አንዴ ፓምፕ ልገዛ ስል የፓምፑን ከርቭ (ምን ያህል ውኃ እስከ ምን ከፍታ እንደሚገፋ የሚያሳየውን መስመር) ዘርግቶ፣ የቧንቧችንን ርዝመትና ከፍታ ጠይቆ፣ «እትዬ፣ ይህኛው ለእናንተ አይሆንም፤ ሲሠራ ይንቀጠቀጥባችኋል» ብሎ የራሱን ሽያጭ የሰረዘ ወጣት አጋጥሞኛል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘንድ ሄጄ አላውቅም። ያ ልጅ ከብዙ ዲዛይነር የበለጠ ኢንጂነር ነው።

እኔ ራሴ የተመኘሁት ዲዛይን ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ትልቅ ስክሪን፣ ጸጥ ያለ ክፍል። ጥገና ክፍል መመደቤን የሰማሁ ቀን አልቅሻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር የአንድ የውኃ ፓምፕ ሞተር ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) አርጅቶ መጮኽ ጀመረ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሙያው ያረጁ ቴክኒሽያን አሮጌውን ነቅለው ቁጥሩን አንብቤ አዲስ እንዳወጣ ሰጡኝ። 6309 ሲ3 ይላል። መጨረሻ ያለውን 09 በ5 ማባዛት ተምሬአለሁ፤ የውስጡ ስፋት 45 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። «ሲ3»ን ግን የአምራቹ የራሱ ምልክት ይሆናል ብዬ ዘለልኩት። መጋዘን ውስጥ ሲ3 የሌለው 6309 ነበረ። በካሊፐር ለካሁት፤ ልክክ ይላል። ገጠምነው። ጋሼ ዘንጉን በእጃቸው አዙረው «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ጠበቅ አላለም?» አሉኝ። «አዲስ ስለሆነ ነው» ብዬ መለስኩ። የጥገና ክፍሉ ኢንጂነር እኔ ነኛ!

በመጀመሪያው ቀን የኩሽኔታው ቤት ሞቀ። በሁለተኛው ቀን እጅ የማያስነካ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነከሰ፤ ፓምፑ ቆመ፤ ፓምፑን ተከትሎ ምርት ቆመ። ለካ ሲ3 ማለት በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው ማለት ኖሯል። ሞተር ሲሠራ የውስጠኛው ቀለበት ከውጪኛው ይበልጥ ይሞቃል፤ የሞቀ ብረት ይለጠጣል፤ የሚለጠጥበት ቦታ ካጣ ኳሶቹን ያስጨንቃል። ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ አውቅ ነበር እኮ! ጋሼ አልተቆጡኝም። የተቃጠለውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና «ይሄን ከዲግሪሽ አጠገብ ስቀይው» አሉኝ። አልሰቀልኩትም፤ ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ይህ የጥገና ሰው ጣጣ ብቻ የሚመስለው ዲዛይን ናፋቂ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የደረሰውን ያስታውስ። በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩ፤ የ4ኛው ፎቅ ድልድይ ከላይ፣ የ2ኛው ፎቅ ከሥሩ። በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያ ተነሥቶ የላይኛውን ድልድይ ቢም (ተሸካሚ ብረት) ሰንጥቆ እስከ ታችኛው ይወርዳል። ለወርክሾፕ በተዘጋጀው ንድፍ ላይ ግን ለሥራ እንዲቀል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ ላይኛው ድልድይ፣ ሌላው ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ምንም የማይመስል ለውጥ ነው።

ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል እንበል። ሁለቱም ገመዱን በየራሳቸው እጅ ከያዙ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ብቻ ይሸከማል። የታችኛው ገመዱን ትቶ የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው ሰው እጅ ላይ የሁለት ሰው ክብደት ይወድቃል። በላይኛው ድልድይ ቢም ሥር ዘንጉን ይዞ የነበረው ዳዶ የገጠመው ይኸው ነበር፤ ጭነቱ እጥፍ ሆነበት። የመጀመሪያውም ንድፍ ቢሆን ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል አይሸከምም ነበር። ሐምሌ ወር ላይ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ሳለ ሁለቱም ድልድዮች ወደቁ፤ 114 ሰዎች ሞቱ። የወርክሾፑ ንድፍ ላይ የኢንጂነሩ ማኅተም ነበረበት። ያቺን መጋጠሚያ ግን ያሰላት አልነበረም። ንድፈኛው ወርክሾፑን፣ ወርክሾፑ ንድፈኛውን አምኖ ዋለ፤ ኋላ ላይ ኢንጂነሮቹ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። እንግዲህ ይህ የዲዛይን ሥራ ነው ወይስ የወርክሾፕ? ልጅዎ የትኛውን ቢመርጥ ነው ከዚያ ዳዶ የሚያመልጠው?

አሁን ተማሪው ለሥራ ስለሚያደርገው ዝግጅት ላንሣ። ተማሪዎች ዝግጅት ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ሲቪ ማሳመር ማለታቸው ነው። የንድፍና የስሌት ሶፍትዌር ችሎታውን «አውቶካድ 90 በመቶ፣ ማትላብ 85 በመቶ» ብሎ በቀለም አሞልቶ የሚያመጣ አለ። የቀረችው 10 በመቶ የትኛዋ እንደሆነች ጠይቄ የመለሰልኝ ግን የለም። ከዚያ ይልቅ «በመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሠራሁት ማድረቂያ የሚፈለገው ሙቀት ላይ አልደረሰም፤ አየር የሚያፈስበትን ቦታ ያገኘሁት በጭስ ነው» የምትል አንዲት መስመር ብታጋጥመኝ ያንን ልጅ ሳላየው ወድጄዋለሁ። ያልሠራ ነገርን ደብቆ የሠራውን ብቻ መጻፍ የተለመደ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ነገሩ እምቢ ሲል ምን እንዳደረገ ነው።

የተግባር ልምምዱማ ይብሳል። ተማሪው ለወራት ይላክና ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ከድርጅቱ ማንዋል ሪፖርት ገልብጦ ይመለሳል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም ቦታ አንሰጠውም፣ ካቻቪቴ እንኳ አናስይዘውም። ቢሆንም ለልጅዎ አንድ ነገር ልምከር፤ በልምምድ ጊዜው ኃላፊውን ትቶ ከአንድ አንጋፋ ቴክኒሽያን ጎን ይሰለፍ። መሣሪያ ያቀብል፣ ቡሎን ይፍታ፣ እጁን ያቆሽሽ። ቴክኒሽያኑ «ድምፁን ስማ» ሲለው ይስማ። ማታ ደግሞ የሰማውን በተማረው ይተርጉም። ከዚያ ድምፅ ጀርባ ያለው የቫይብሬሽን (የንዝረት) ትምህርት ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ድምፅ ስላልነበረው ነው ያላወቀው።

ደብተርም ይያዝ። እኔ ከዚያ ኩሽኔታ ወዲህ ያየሁትን የማላውቀውን ፊደልና ቁጥር ሁሉ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ አሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ። አጠገቡ ትርጉሙን ያገኘሁበትን ቀን እጽፋለሁ። ቀን የሌላቸው ጥቂት መስመሮች እስካሁን አሉ። በብዙ አገሮች የኢንጂነር ሙያ ፈቃድ ለማግኘት ዲግሪ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ለዓመታት መሥራትን በማስረጃ ማሳየት ይጠየቃል። በአሜሪካ ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ከፈተና ጋር ነው። ለዚያ የሚጠቅመው የመመዝገብ ልማድ ግን ከተመረቁ በኋላ የሚጀመር የሚመስለው ብዙ ነው።

ፈታኞችን ሳልነካ ባልፍ ደግሞ ለፍርድ አይመችም። «ጀማሪ ኢንጂነር፤ የሥራ ልምድ 3 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የምናወጣው እኛው ነን። ሦስት ዓመት የሠራ ሰው እንዴት ጀማሪ ይሆናል? አንድ ጊዜ ይህንኑ በስብሰባ ላይ ብጠይቅ «ማመልከቻው እንዳይበዛብን ነው» ተባልኩ። ሰው ለመቀነስ የምንጽፈው ቃል ስንቱን ልጅ ከነጭራሹ ተስፋ እንዳስቆረጠ ማን ቆጥሮት?

ለአባትየው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠሁም፤ አውቃለሁ። የትኛው ክፍል ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚፈለግ ተናግሬ ልጁን ማሳሳት አልፈልግም። ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። ልጅዎን ይጥሩትና ማቀዝቀዣው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብቦ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። ካላወቀ አይቆጡት፤ በእሱ ዕድሜ እኔም አላውቅም ነበር። ተነሥቶ ለማወቅ ከሄደ ግን የትኛውም ክፍል ቢገባ ግድ የለም፤ ሲመረቅ ወደ እኔ ይላኩት፤ ሰሌዳዋን አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጥገና ኢንጂነር