ለእማዬ፣ ስለ ትከሻሽ

እማዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፣ አባዬ ደብዳቤ ሲጽፍ እንደሚያደርገው። ግን ስለ ጤናሽ ጠይቄሽ እውነቱን ነግረሽኝ ስለማታውቂ ልተወው። እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ናቲ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ቁርጥ አባዬን መስሏል፣ ማኪ ደሞ ካንቺ የለመደችውን «ውይ በሞትኩት» ጓደኛዋ ስትወድቅ ጮክ ብላ ብላው አስተማሪዋ ምን ማለት ነው ብላ ደወለችልኝ፣ ተርጉሚ ብትባዪ እስቲ ምን ትያለሽ። በረዶ ጥሏል። ይሄን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው፣ ታውቂኛለሽ።

ስለ ትከሻሽ ሰምቻለሁ። ሚሚን እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናዘዝኳት። ነሐሴ ላይ ጓሮ ጭቃው አዳልጦሽ በቀኝ እጅሽ መሬቱን ተደግፈሽ ወደቅሽ፣ ይሄው ታኅሣሥ ገባ። አራት ወር እማዬ! በዚህ መሀል ወጌሻ ሁለቴ አሽቶሻል፣ ቅቤ ተቀብተሻል፣ ጸበል ተመላልሰሻል፣ ለኔ ግን በየሳምንቱ «ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ሰላም ሁኚልኝ»።

እኔ እኮ ስራዬ ትከሻ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ዶክተር ናት እንደምትዪ አውቃለሁ፣ አይደለሁም ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ፣ የማክመው ሰው የለም፣ ጅማት በማሽን እየሳብኩ በስንት ጉልበት እንደሚበጠስ የምለካ ሰው ነኝ። ከሞቱ በኋላ ሰውነታቸውን ለምርምር የሰጡ ሰዎች ትከሻ ነው የሚመጣልን። አንዴ ነግሬሽ አማትበሽ ወሬውን ወደ ዘይት ዋጋ ቀየርሽው፣ ከዛ ወዲህ አላነሳሁብሽም።

ዛሬ ግን ስሚኝ። ባለፈው ወር የመጣልን ትከሻ ወረቀቱ ላይ ሴት፣ እድሜ 70 ብቻ ይላል። ክንድን ወደ ላይ የሚያነሳው ጅማት፣ ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው፣ ጫፉ ተበልቶ ልክ እንደ አሮጌ ነጠላ ዘርፍ ተበታትኗል። ሀኪሞች እንደሚያደርጉት አጥንቱ ላይ ትንሽ ብሎን የመሰለ ነገር ተክለን፣ በክር ጅማቱን ወደ አጥንቱ ሰፍተን ማሽኑ ላይ አሰርነው። ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ። ክሩ አልተበጠሰም። ጅማቱን ነው ቀስ እያለ እንደ ምላጭ የሰነጠቀው። አጠገቤ ያለው ልጅ ገርሞት ያያል፣ እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ፣ ያረጀ ቀሚስ ስትጥፊ «በወፍራም ክር ብትሰፊው ክሩ ሳይሆን ጨርቁ ነው የሚሄደው» ትዪኝ የነበረው። ይሄን ለማወቅ ስንት ዓመት ተምሬ መጣሁ፣ አንቺ መደብ ላይ ቁጭ ብለሽ ጨርሰሽው ነበር።

ደሞ ባዶ ክንድ እንኳ ቀላል አይደለም። ወደ ጎን ቀጥ አድርገሽ ስትይዢው ክንዱ ረጅም ነው፣ ጡንቻው ደሞ የሚስበው ከመገጣጠሚያው ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ ብዙ እጥፍ አድርጎ መሳብ አለበት፣ በመጨረሻ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነትሽ ክብደት 90 በመቶ ይጠጋል። ባዶውን ነው ያልኩሽ። አንቺ ደሞ በየቀኑ አክንባሎ ስታነሺ ስንት ዓመትሽ?

የተሰፋም ቢሆን እንደ ድሮው አይሆንም። ተፈጥሮ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ዝም ብላ አልለጠፈችውም፣ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው፣ መሀሉ ላይ ልም አጥንት አለ፣ አንዴ ከተላቀቀ በኋላ ሰውነት ያንን መልሶ አይሰራውም፣ ጠባሳ ብቻ ነው የሚሞላበት። በፈረንጆቹ 2004 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ሰፊ ቅዳድ ከተሰፋላቸው 18 ሰዎች የ17ቱ እንደገና ተከፍቶ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ግን ብዙዎቹ ህመሙ ቀንሶላቸው ነበር፣ ይሄንንም አብረሽ ያዢው። በ2024 ደሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች የዘንዶን ጥርስ አይተው፣ ወደ ኋላ ቆልመም ስላለ ስጋ ይይዛል እንጂ አይቆርጥም ብለው፣ እንደዛ ጥርስ ያለው ትንሽ ነገር ሰርተው ከስፌቱ ጋር ሲጨምሩበት ጥንካሬውን እጥፍ ሊያደርስ ምንም አልቀረው። የሞከሩት በሬሳ ትከሻ ላይ ነው፣ አትፍሪ፣ ዘንዶ አያስገቡብሽም።

አሁን የፈራሁትን ልበልሽ። እድሜ ቀስ እያለ የበላው ጅማት ብዙ ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል፣ አንድ ጥናት ላይ እንዲህ ያለ ጅማት ያላቸውን 452 ሰዎች ሁለት ዓመት ተከታትለው ኦፕራሲዮን የመረጠው ከአራት አንድ አይሞላም። ያንቺ ግን በመውደቅ ነው። በመውደቅ የተበጠሰ ጅማት ሲቆይ ጡንቻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ውስጡ ስብ ይገባበታል፣ ስቡ ደሞ ጅማቱ በክር ቢሰፋም ተመልሶ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው ዋጋ ያላቸው። እነሱን ነው የደበቅሽኝ።

እንደ አባዬ ጊዜ። አንስቼው አላውቅም፣ አሁን ግን ይውጣልኝ። ሁለት ወር ሙሉ እየደወልኩ አባዬስ ስልሽ «ቤተክርስቲያን ሄዷል»፣ «ጋደም ብሏል፣ አልቀሰቅሰው»። እሱ ተቀብሮ አርባው ወጥቷል። አንድ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ፣ ሁለት የማላውቃቸው የቤተክርስቲያን ሴቶች ቡና በፔርሙዝ ይዘው፣ ጥቁር ነጠላ አዘቅዝቀው። ገና በሩን ሳልከፍት አወቅኩ። ፈተናዋ እንዳይበላሽ ነው አላችሁ። ፈተናውን አለፍኩ፣ እንኳን ደስ አለሽ።

ከዛን ቀን ጀምሮ «ደህና ነኝ» ስትዪኝ አላምንሽም እማዬ። ልጅሽ ሆኜ ስልክ ሲጠራ ሆዴ ይላወሳል።

ግን ደሞ ሁሉንም ባንቺ ላላክክ። መስከረም ላይ በቪዲዮ ስናወራ ነጠላሽ ከቀኝ ትከሻሽ ወረደ። ሁልጊዜ ሳታስቢው መለስ የምታደርጊውን በግራ እጅሽ በፊትሽ አዙረሽ ጎተትሽው። ሲኒውንም በግራ ነበር የያዝሽው። አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ትከሻ የማይ ሰው ነኝ፣ አይቼ ስለ ናቲ ትምህርት ቤት ማውራት ቀጠልኩ። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር ወይ? እንጃ። አልጠየቅኩሽማ።

ለማንኛውም ወጌሻ ይብቃ። ሚሚ ለማክሰኞ አዲስ አበባ ቀጠሮ ይዛለች፣ ኤምአርአይ ትነሺያለሽ፣ ያው ድምፁ ይጮሃል፣ ሌላ ምንም የለውም፣ መስቀልሽን አውልቀሽ ለሚሚ ስጫት። ብሩን ልኬያለሁ፣ ለማኅበር እንዳታውዪው። ሪፖርቱ ላይ ጡንቻው ውስጥ ስላለው ስብ የሚሉት አለ፣ ከ0 እስከ 4 ነው ደረጃው፣ ቁጥሩን ሚሚ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ከ2 ካለፈ አልዋሽሽም፣ ጅማቱን መስፋቱ ያጠራጥራል። ያኔም ሌላ መንገድ አለ፣ ድቡልቡሉንና ጎድጓዳውን ቦታ አቀያይሮ የሚገጠም ሰው ሰራሽ መገጣጠሚያ አለ፣ ጅማቱ ባይኖርም የላይኛው የትከሻ ጡንቻ ክንዱን ያነሳዋል። እሱን ያኔ እናወራለን። እስከዛው በቀኝ ጎንሽ አትተኚ፣ ጀሪካን አታንሺ፣ እንጀራውን ሚሚ ትጋግር፣ ወፍራም ቢሆንባትም ብሉት።

እኔ የካቲት ላይ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከፈቀዱልኝ።

ቅዳሜ እደውላለሁ። ስልኩን ሚሚ ትያዝልሽ፣ አንቺ ፊት ለፊት ቁሚና ቀኝ ክንድሽን ወደ ጎን እስከቻልሽበት አንሺልኝ። ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ እየሳብሽ እንዳታታልዪኝ፣ እሱን አውቃለሁ። ካልቻልሽ አልችልም በይኝ።

ልጅሽ