አልበማችን አለቀ፤ ጅማዎች እናመሰግናለን

የጅማ ወገኖቻችን፣ የሮክ ባንዳችን አልበም አለቀ! ናይሮቢ ቀድተን፣ ሚክስና ማስተሩን እዚያው ጨርሰን አገራችን ገብተናል። ከኋላችን አሳታሚ ድርጅት የለም። ስፖንሰርም አልነበረንም። እዚህ ያደረሰን የእናንተ እጅ ነው።

ከሄርማታው ቡና ነጋዴ እንጀምር። ሐጂ ስማቸው እንዲነሳ ስለማይፈልጉ አንጠራቸውም። ጎረቤት በድራምና በጊታር ጩኸት እየተማረረ ከየቦታው ስንባረር መጋዘናቸውን ከፈቱልን። ጥቅምት ላይ ቡና መግባት ሲጀምር ልንለቅላቸው ተዘጋጀን። እሳቸው ግን ጆንያውን በግድግዳው ዙሪያ አስደረደሩና «መሐሉ ለእናንተ ይበቃል» አሉን። የሞላ ጆንያ ድምፅ ይውጣል። ቤዙና ድራሙ ተለይተው ጥርት ብለው የተሰሙን ያኔ ነው።

የአፋን ኦሮሞ ግጥሞቻችንን ቃል በቃል ያረማችሁልን የጅሬን አባቶች፣ ገለቶማ! የዕቁብ ተራችሁን ለቃችሁልን ለመንገድ ያበቃችሁን እትዬዎች፣ እግዜር ይስጥልን። ዕቃችን ተይዞ ሞያሌ ስናድር ራት ያበላችሁን፣ ቤዚስታችን ታይፎይድ ሲጥለው ናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ አጥሚት ያመላለሳችሁለት እህቶች፣ ውለታችሁን አንረሳም።

የስቱዲዮው ኬንያዊ ኢንጂነር ደግሞ ሊነገርለት ይገባል። መጀመሪያ ችክችካው አስቸግሮት ነበር። ምቱ ስድስት በስምንት ነው፤ እሱ ግን ጠንካራውን ምት እኛ ከምንረግጥበት ሌላ ቦታ ነበር የሚሰማው። ክሊክ፣ ማለትም ምት የሚቆጥር የማሽን ድምፅ፣ እየተከተልን ስንጫወት ዘፈኑ ደረቀብን። አንቺሆዬ ላይ ባሰ። የዚህ ቅኝት አንዳንድ ድምፆች በጣም የተጠጋጉ ናቸው፤ ጊታሩ ላይ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኤፌክት) ሲበዛ ይፋጫሉ። ሌላ ሰው «ቅኝቱን ቀይሩት» ይለን ነበር። እሱ ክሊኩን አጠፋው። ሁላችንንም አንድ ክፍል አስገብቶ እየተያየን እንድንጫወት አደረገ፤ ዲስቶርሽኑን ቀነሰ፤ ቅኝታችንን ሳይነካ ቀዳን። ሙያ ማለት ለእኛ ይኼ ነው። ሮክ በእኛ ቅኝት እንደሚሠራ አስቀድሞ ላሳየን ለጃኖ ባንድም ክብር ይገባዋል።

አልበሙ መጀመሪያ የሚሰማው እዚሁ ጅማ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ እናሳውቃችኋለን። የእትዬዎቹ የዕቁብ ብር ከመጀመሪያው ገቢ ይመለሳል። አንቀበልም እንዳትሉን፣ አደራ።