እድራችን በቁማችንም ይድረስልን

የጀሞ ጎረቤቶቻችን፣ ከሰፈሩ ወጥታችሁ በሌላ ከተማም በውጭ አገርም ያላችሁ ልጆቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ጉሊት ቆሜ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት አንድ መደብ ሽንኩርት ገዙ። ቲማቲሙን አነሱት፣ ዋጋ ጠየቁ፣ መልሰው አስቀመጡት። ቤታቸው አራት ልጆች አሉ። "ጎመን በጤና" እየተባልን ነው ያደግነው። አሁን ጎመኑም ከአቅም በላይ እየሆነ ነው።

የሚያንገበግበኝ አትክልት ተራ ሩቅ አለመሆኑ ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሳ፣ ጃንሜዳ ቆየ፣ ዛሬ እዚሁ ኃይሌ ጋርመንት ነው። ያለው ሰው በመኪናው ሄዶ በጆንያ ይጭናል። የቀን ሠራተኛው የያዘው የዕለት ገንዘብ ነውና በመደብ ይገዛል። በኪሎ ሲሰላ ከሁሉም አስበልጦ የሚከፍለው እሱ ነው። የጉሊት እናቶችን አንወቅስም። እነሱም በትንሽ በትንሹ ይረከባሉ፣ ለተሸካሚ ይከፍላሉ፣ የበሰበሰው ኪሳራም የእነሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል። ሁሉም እዚህ ዕድሜ ላይ ከሆኑ፣ አምስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ 2 ኪሎ ማለት ነው። ከሽሮ ሌላ የማያይ ልጅ ከዚህ ምን ያህል እንደራቀ አስቡት።

እድራችን ያሰበው ይህን ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ንጋት ላይ አይሱዙ ተከራይተን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በጅምላ እናመጣለን። በገዛንበት ዋጋ እንሸጣለን፣ ሩብ ኪሎም ቢሆን። የጉሊት እናቶችም ከዚሁ ይረከባሉ። ምንም ለሌላቸው በነጻ ነው። ሁሉም ሰው የሚወስደው ግን በአንድ ዓይነት ኩፖን ነው፤ ማን ከፍሎ፣ ማን በነጻ እንደያዘ ሰልፉ ላይ አይታወቅም። በዚህ ጉዳይ ረጅም ሰዓት ተነጋግረናል። ማንም ለአንድ እስር ጎመን አንገቱን መድፋት የለበትም።

የሸጥንበት ገንዘብ ተመልሶ ይገዛል። የሚያልቀው የመኪናው ኪራይ፣ የሚበላሸው አትክልትና የነጻው ኩፖን ነው። የወር መዋጮ የምንለምናችሁ ለዚህ ነው።

ድንኳን፣ ጠረጴዛና ወንበር እድሩ አለው። የጎደለን ሁለት ሚዛን፣ የፕላስቲክ ሳጥኖችና የመጀመሪያው መግዣ ነው። ገንዘብ ያዣችን በወሩ ስብሰባ ደረሰኝ ይዘው ይጠብቋችኋል፤ ሒሳቡም በየወሩ እዚያው ይነበባል። ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። አይሱዙ ያለህ ወንድማችን ደግሞ፣ በሳምንት አንድ ንጋት ብትሰጠን ኪራዩ ቀርቶ ለስንት ቤት ኩፖን ይሆናል።