ሃንፎርድ ለምትገባው ልጄ

እናትዬ፣

አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ያለው የኑክሌር ጣቢያ፣ ሃንፎርድ፣ ተቀጠርኩ ያልሽኝ ቀን እልል አልኩ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጃፓን ናጋሳኪ ላይ የወደቀው የአቶሚክ ቦምብ የተሠራበት ፕሉቶኒየም፣ ያ ጨረር የሚረጭ ብረት፣ የተመረተው እኮ እዚያ ነው። አሁን ሥራው ጽዳት ነው ብለሽኛል፤ የሚጸዳው ግን 177 ታንኮች ውስጥ የተጠራቀመ ወደ 56 ሚሊዮን ጋሎን ጨረር ያለበት መርዝ ነው።

አትሂጂ አልልሽም። ብቻ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሠራተኛ ማኅበር (የዩኒየን) ተወካይሽን ፈልገሽ ተዋወቂ፤ ከስብሰባም አትቅሪ።

ሆቴል ሳጸዳ መታጠቢያ ቤት የምንረጨው ነገር ስንት ሌሊት እንዳሳለኝ ታውቂያለሽ፤ እየተነሳሽ ውሃ የምታመጪልኝ አንቺ ነበርሽ። አለቃዬን ለብቻዬ ስነግረው «ምንም የለውም» ይለኛል። የዩኒየን ተወካያችን አብራኝ ገብታ የጠየቀች ጊዜ ግን የምንረጨው ነገር በሳምንቱ ተቀየረ።

ሃንፎርድም እንዲሁ ነው የሆነው። ከታንኮቹ በሚወጣው ተን ሠራተኛው ሲያመው፣ ሲያስለው፣ ልኬቱ ከተፈቀደው በታች ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የሠራተኛ ማኅበራቱ የጋራ ምክር ቤት ሥራ አስቆመ፤ ታንኮቹ ያሉበት አጥር ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ንጹሕ አየር የያዘ ሲሊንደር አዝለው እንዲገቡ የተደረገው ያኔ ነበር።

ካረን ሲልክዉድንም እወቂያት። ኦክላሆማ ውስጥ ፕሉቶኒየም ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ የዩኒየን ተወካይም ነበረች። የፋብሪካውን የደኅንነት ጉድለት ስትመዘግብ ከርማ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1974 አንድ ማታ ጋዜጠኛ ልታገኝ ብቻዋን እየነዳች ስትሄድ መኪናዋ ከመንገድ ወጥቶ ሞተች። 28 ዓመቷ ነበር፤ አንቺን በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ይዛው ነበር የተባለው ፎልደር አልተገኘም። አሟሟቷ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ብቻዋን መሄዷና ያ ወረቀት ነው።

ወረቀትሽን ሁሉ ያዢ ብዬ የማጠብቅብሽ ወድጄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ቦታ ሠርተው በጨረር ምክንያት ካንሰር ለያዛቸው 150 ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ ግን ስንት ጨረር እንደወሰዱ የሚያሳየው መዝገባቸው ጎድሎ ወይም ጠፍቶ ብዙ ሰዎች፣ ታመው እያሉ፣ ዓመታት ተንከራተዋል።

ደረትሽ ላይ የምታደርጊያትን የጨረር መለኪያ አንድ ቀን እንዳትረሻት። የዓመቱ ውጤት ሲሰጥሽ ኮፒውን ላኪልኝ፤ የልደት ካርድሽ ካለበት ቡናማ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጥልሻለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውላለሁ። የተወካይሽን ስም ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ