የግብርና ክበባችን ዓመት፦ ዝናብ ያገኘው ድርቆሽ

ዘንድሮ ክበባችን ሥራውን የጀመረው በኪሳራ ነው። የመስቀል በዓል እንዳለፈ፣ መስከረም 20 ቀን፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለውን ግማሽ ሄክታር የሣር ሜዳ አጭደን፣ አድርቀን ለክበባችን ላሞች ድርቆሽ ልናደርገው ወጣን። ሠላሳ አራት አባላት ነበርን፤ ዐሥራ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላየነው ልባችን ሞልቶ ነበር። የሜዳውን ሲሶ አጭደን በነጋታው ከሰዓት በኋላ ደመናው ከበደ፤ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ዘነበ። ሣሩ በተኛበት ጠቆረ፤ ከሥሩም ብስባሽ መሽተት ጀመረ።

ከአጥራችን ማዶ የሚያርሱ፣ ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው አባት መጥተው አንድ እፍኝ አነሡና አሸተቱት። «መምህር፣ ያጨዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የሚያደርቀው ግን ሰማዩ ነው። ሰማዩን ሳታማክሩ ለምን ነካችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በደብረ ብርሃን አካባቢ ክረምቱ በመስከረም ቶሎ እንደማይለቅ እኔም ተማሪዎቼም እናውቃለን። ያጣደፈን ፍርሃት ነበር። ሣሩ አብቦ ፍሬ ከያዘ በኋላ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ ግንዱ ጠንክሮ ቃጫ ይሆናል። የድርቆሽ ሥራ ጭንቀቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ቀድመህ ብታጭድ ዝናብ ያገኝሃል፣ ብትዘገይ ከብቱ የሚያገኘው እንጨት ይሆናል።

የተበላሸውን ሣር ከመጣላችን በፊት አንድ ነገር እንመርምር አልን፤ የዓመቱ ትልቁ ትምህርታችን የመጣውም ከዚህ ነው። ልጆቹ በአንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ አሁን የታጨደ ለምለም ሣር፣ በሌላው ደግሞ አምና የተረፈ ጥሩ ደረቅ ድርቆሽ ነከሩ። በማግስቱ የለምለሙ ሣር ውኃ ቀለሙ ብዙም አልተለወጠም። የደረቁ ውኃ ግን ሻይ መስሏል። በሕይወት ያለ የሣር ሕዋስ ውስጡን ጠብቆ ይይዛል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ሽፋኑ ስለሚበጣጠስ ስኳሩና የሚሟሟው ማዕድን በውኃ ታጥቦ ይወጣል። ስለዚህ በታጨደ በሰዓቱ የሚዘንብ ዝናብ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሊከመር አንድ ቀን የቀረውን ድርቆሽ የሚያገኘው ዝናብ ግን እንደ ሻይ ቅጠል አፍልቶ ይተወዋል። ይህንን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ በባልዲ ሳየው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ዝናብ ባይጥልም እንኳ ርጥበቱ በራሱ ሣሩን ይበላዋል። የታጨደ ሣር ወዲያው አይሞትም። የውኃው መጠን ወደ 40 በመቶ እስኪወርድ ድረስ መተንፈሱን ይቀጥላል፤ ሲተነፍስም ለላሟ ልናቆየው ያሰብነውን ስኳር ያቃጥላል። ደመናማ ሆኖ ሣሩ ሳይደርቅ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን ይህንን ትንፋሽ ያረዝመዋል።

የሒሳብ መምህራችን ለ10ኛ ክፍል አባላት የሰጡትን ጥያቄ እዚህ ባሰፍረው ደስ ይለኛል። ትኩስ ሣር ከ70 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። 1,000 ኪሎ ትኩስ ሣር 80 በመቶው ውኃ ከሆነ፣ ደረቁ ነገር 200 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። በደኅና የሚከመር ድርቆሽ 15 በመቶ ገደማ ውኃ ይኖረዋል፤ ስለዚህ ክብደቱ 235 ኪሎ ይሆናል፤ 765 ሊትር ውኃ ወደ አየር መሄድ አለበት። ቸኩለን 30 በመቶ ላይ ብንከምረው ደግሞ 286 ኪሎ ይመዝናል። በሁለቱ መካከል ያለው 51 ኪሎ በእጃችን ክምር ውስጥ የቆለፍነው ውኃ ነው። ልጆቹ ይህንን በሰሌዳው ላይ ሲያዩ ዝም አሉ፤ ምክንያቱም ከአንድ ሳምንት በፊት ያደረግነው ልክ ይህንኑ ነበር።

ከጠቆረው ሣር ደኅና የመሰለንን ለይተን፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመትተን፣ መስከረም 28 ቀን ከሠራተኞች ማረፊያ ጎን ከምረነው ነበር። ከላይ ሲዳሰስ ደርቋል። ከሳይንስ ክፍላችን ቴርሞሜትር ተውሰን፣ በክምሩ ውስጥ ባሳለፍነው አሮጌ የውኃ ቧንቧ በክር እያወረድን በየቀኑ ለካን። በአምስተኛው ቀን 46 ዲግሪ፣ በስምንተኛው 57 ዲግሪ ሆነ። ክምሩን ስንከፍተው እንፋሎት ወጣ፤ መሐሉ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣፋጭ ጠረን ነበረው። ላሞቹ ይህንን ጠረን ይወዳሉ፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ከስኳሩ ጋር ስለሚያጣብቀው ከብቷ ብትበላውም አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣል።

ሙቀቱን የሚያመጡት በርጥበቱ ላይ የሚባዙት ባክቴሪያና ሻጋታ ናቸው። ርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ራሱን በራሱ እስከማቃጠል ሊደርስ ይችላል፤ አደጋውም በብዛት የሚታየው ከተከመረ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰው «አሁንማ አለፈ» ብሎ በሚዘናጋበት ሰዓት ማለት ነው። ለወላጆች አጥብቄ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በላይ የደረሰ ክምር በድንገት አይከፈትም፤ አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል። ልጆችን አርቆ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠርቶ፣ ውኃ አዘጋጅቶ ነው የሚቀረበው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ረጅም ብረት ወደ ክምሩ መሐል ሰክቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያውጣው። ብረቱን ይዞ መቆየት ካልቻለ ክምሩ ታሟል።

የሻገተውንም ለከብት አልሰጠንም። የሻጋታው ብናኝ ለሰው ሳንባ ጠንቅ ነው፤ የከበደች ላምንም ሊያስጨነግፋት ይችላል። አፍና አፍንጫችንን በርጥብ ጨርቅ ሸፍነን፣ አስም ያለባትን አባላችንን ከሥራው አርቀን፣ ሁሉንም ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ አስገባነው። የሜዳው ሲሶ በዚህ ሁኔታ ሄደ።

ጥቅምት ሌላ ነበር። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የዐሥር ቀን ትንበያ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሬዲዮ እየተከታተለች በሰሌዳ ላይ ትጽፍልን ጀመር። ትንበያ ዋስትና አይሆንም፤ በዚህ አገር ጥቅምትና ኅዳርም ይዘንባል። በ2012 ዓ.ም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልኩ በላይ በሞቀ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለውን ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በዚያ ወቅት አጨዳ ላይ የነበረ ሁሉ ተጨንቆ ነበር። ቢሆንም ሰማዩን ከማማከር አለማማከሩ ይብሳል። ጥቅምት 8 ቀን፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ማጭዳችንን አነሣን።

አባባ አብረውን ዋሉ። ሣሩን በስሱ እንድንዘረጋው፣ እኩለ ቀን ላይ በመንሽ እንድናገላብጠው፣ ማታ ጤዛው ሳይወርድ ረድፍ በረድፍ እንድንሰበስበው አሳዩን፤ የተሰበሰበ ሣር ለጤዛ የሚያጋልጠው ገጽ ትንሽ ነው። በእኛ ሜዳ ከሣሩ ጋር ማገጥ የሚባለው፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነ ተክል በብዛት ይበቅላል። ማገጥ ደረቅ ሆኖ ከተገላበጠ ቅጠሉ ተፈርፍሮ መሬት ላይ ይቀራል፤ ዋናው ምግብ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው። ስለዚህ እሱ የበዛበትን ክፍል ገና ለስላሳ ሳለ ጠዋት አገላበጥነው። እንደ ኖርዌይ ባሉ አገሮች ገበሬዎች ርጥበቱ ሲያስቸግራቸው ሣሩን በችካልና በሽቦ ላይ ሰቅለው ያደርቁ እንደነበር ስነግራቸው፣ ልጆቹ ከባሕር ዛፍ ሦስት እግር ያላቸው ማንጠልጠያዎች ሠሩ። ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ሣር ሌሊት ውርጭ ቢመታውም ጠዋት ቶሎ ይለቀዋል።

መድረቁን ማወቁ ነው ከባዱ። አባባ ግንዱን በጥፍራቸው ይፍቃሉ፤ ልጡ ከተነሣ አልደረቀም። አንጓውንም ይጫናሉ፤ በመጨረሻ የሚደርቀው አንጓው ነው። ይህ እጅ በአንድ ዓመት አይገኝምና እኛ ጨውና ጠርሙስ ያዝን። ድርቆሹ በአጭር በአጭሩ ይቆረጣል፣ ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ በላላው ይሞላል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርበታል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይናጣል። ጨው ከአየሩ ርጥበት ይስባል። ፍሬው እንደተበተነ ከቆየ ድርቆሹ ወደ 15 በመቶ ወርዷል፤ ተያይዞ ከጓጎለ ገና ነው። መለካት በጀመርንበት ቀን ሁሉም ጠርሙስ «ገና ነው» አለን፤ የትናንቱ አጨዳም የዛሬውም። ግራ ገብቶን ሳለ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጨውን ብቻውን ጠርሙስ ውስጥ ናጠችው፤ ጓጎለ። ከሱቅ የመጣው ጨው ራሱ ርጥብ ነበር። ምጣድ ላይ አምሰን ካቀዘቀዝነው በኋላ መለኪያችን እውነቱን መናገር ጀመረ። በዚህች ልጅ ኮርቻለሁ፤ መለኪያውን መጠርጠር ከሳይንስ ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው።

በአራተኛው ቀን ጨው አልጓጎለም። ከጣውላ በሠራነው ሣጥን እየረገጥን በሲባጎ አሰርነው፤ 96 እስር ወጣው፤ አንዱ 14 ኪሎ ገደማ።

ስለ አቀማመጡ የተከራከርነው ብዙ ነው። ድርቆሽ ከላይ ከሚመጣው ዝናብ ይልቅ ከሥር በሚስበው የመሬት ርጥበት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ድንጋይና እንጨት ረብርበን ከመሬት አነሣነው። በክምሩና በጣራው መካከልም ክፍተት ተውን። የደብረ ብርሃን ሌሊት ቆርቆሮውን ሲያቀዘቅዘው ከድርቆሹ የሚወጣው ርጥበት እዚያ ጠል ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ እሱን እንዲጠጣልን ከላይ የቆየ ገለባ አለበስነው። መጋዘን ለሌላቸው ደግሞ የ11ኛ ክፍል ልጆች አንድ ስሌት ሠርተዋል። ውጭ ያለ ክብ ክምር ዙሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ቢበሰብስ፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 2 ሜትር ከሆነ 28 በመቶው ይጠፋል፤ 3 ሜትር ከሆነ ግን 19 በመቶው። ሁለት ጎረቤታሞች በደንብ የደረቀ ድርቆሻቸውን አንድ ላይ ቢከምሩ ሁለቱም ይተርፋሉ ማለት ነው። ክምሩን እንደ ጎጆ ክዳን አሹሎ፣ ላዩን ወደ ታች ማበጠርና ዙሪያውን ቦይ ማውጣት አባቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ የምንጨምርበት የለንም።

በታኅሣሥና በጥር ልጆቹ ጠርሙሱን ወደየቤታቸው ወሰዱት። አንዲት አባላችን እናቷ ከነጋዴ ድርቆሽ ሲገዙ አብራ ሄዳ ነበር። እናት ከበድ ያለውን እስር መረጡ፤ ልጅቷ ግን ጠርሙሷን አውጥታ ናጠች፤ ጨዉ ጓጎለ። ቤት ገብታ አሰላችው። 30 በመቶ ውኃ ያለው 17 ኪሎ እስርና 15 በመቶ ውኃ ያለው 14 ኪሎ እስር የሚሰጡት መኖ እኩል ነው። ትርፉ 3 ኪሎ ውኃ ነው፤ ሻጋታውም አብሮት ይመጣል። እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው አመሰገኑ። በዚያን ቀን የሆነልኝን ደስታ በዚህ መጽሔት ላይ ማስፈር እወዳለሁ።

በልጉ በመጋቢት አጋማሽ ነፋስ ቀላቅሎ መጣ። በምዕራቡ ግድግዳ ክፍተት የገባው ውሽንፍር 11 እስር አራሰብን። በዕለቱ ፈትተን አሰጣን፣ በመጀመሪያም እነሱን አበላን፤ አልሻገቱም። ግድግዳው ተመርጓል።

ለሁለቱ የክበቡ ላሞች በቀን አንድ እስር ነበር የምንሰጠው። ጥር 20 ቀን ጀምረን ሚያዝያ 25 ቀን የመጨረሻው ተፈታ። በመስከረም ያጠፋነው ሲሶ ቢኖር እስከ ሰኔ 13 ያደርሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ ገለባ እየገዛን አበላን፤ ወተቱ ሲቀንስ ልጆቹ በየማለዳው በመዝገባቸው ጽፈውታል። መዝገቡ በክበቡ ክፍል አለ፤ ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል።

ለሚመጣው መስከረም የወሰንነው ይህ ነው። ሣሩ ግማሹ ሲያብብ ሰማዩ ካልፈቀደ፣ ጥቂቱን ለምለሙን አጭደን፣ ጠውለግ አድርገን፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቀን ገፈራ፣ ማለትም ሳይደርቅ የሚቆይ መኖ፣ እናደርገዋለን፤ ገፈራ ፀሐይ አይለምንም። የቀረውን እስከ ጥቅምት እንጠብቀዋለን። ክዳኑ የሚገጥም ባዶ ጠርሙስ በቤታችሁ ካለ ለምዝገባ ስትመጡ አምጡልን፤ 20 ያስፈልገናል። ጨዉን እኛ እናምሳለን።