የአማካሪ ብቃት በተግባር ይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ብዙ የሥነ ልቦና ምክር ሥልጠናዎች በገለጻና በጽሑፍ ፈተና ያበቃሉ። የማዳመጥ ችሎታ ግን በወረቀት አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ኢክዊፕ የተባለ የአማካሪዎች ብቃት ማሳደጊያ መድረክ ለዚህ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ አለው፤ ኢናክት ይባላል። 15 መሠረታዊ ክህሎቶችን በ4 ደረጃ ይመዝናል። ደረጃ 1 ጎጂ ባሕርይ መታየቱን፣ ደረጃ 3 መሠረታዊው ሁሉ መሟላቱን ያመለክታል።

ሠልጣኙ ተገልጋይ ሆኖ ከሚጫወት ሰው ጋር ይነጋገራል፣ መዛኙ ያየውን ብቻ ይመዘግባል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚለውን ፍንጭ ከዘለለ ራስን የማጥፋት ሥጋት ምዘና ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ተጫዋቹም ልምምድ ያስፈልገዋል። መዛኞችም በይሉኝታ ለሁሉም 3 ይሰጣሉ። መፍትሔው ሁለት መዛኞች አንድን ቪዲዮ ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው፣ በተለያዩበት ላይ አስቀድመው እንዲወያዩ ማድረግ ነው።

በእኛ አገር ደጋግሞ የሚታየው ስህተት የችኮላ ማጽናኛ ነው። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ተብሎ ወሬው ይቋረጣል፣ ተገልጋይዋም ዋናውን ጉዳይ ሳትናገር ትሄዳለች። ሌላው ደግሞ ሐሳቡን እንዳይቀሰቅሱ በመፍራት ስለ ሞት ሐሳብ በቀጥታ አለመጠየቅ ነው፤ ፍርሃቱ መሠረት የለውም።

ምዘናው ከሥልጠናው በፊት፣ በመካከሉና በመጨረሻው ይደረግ፤ የመካከሉ ለማረም ጊዜ ይሰጣል። አማካይ ውጤት ጉዳትን ስለሚደብቅ፣ በአንድ ክህሎት እንኳ 1 ያገኘ ሠልጣኝ በዚያው ላይ እንደገና ሳይመዘን ተገልጋይ እንዳይቀበል አሠልጣኝ ተቋማትን እንጠይቃለን።

የአማካሪዎች አሠልጣኞች